ለሁለት ሰው የማይበቃ ቦርሳ

እናቴ የጀርባ ቦርሳ ለመምረጥ አራት ቅዳሜ ፈጀባት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌላ ዕቃ ስትገዛ አገላብጣ አይታ፣ ዋጋ ተከራክራ፣ ቶሎ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት ነበረች። ለቦርሳው ግን አራት ጊዜ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድን፤ አራቱንም ጊዜ እጄን ይዛ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመች።

ሱቁ የናዝራ ነበር። ናዝራ ከጅጅጋ በኩል የሚመጣ ሻንጣና ቦርሳ የምትሸጥ የጀጎል ሴት ነች፤ ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ምላሷ የማያርፍ። ቦርሳዎቹን በሩ ላይ በገመድ ስለምታንጠለጥላቸው ነፋስ በመጣ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

“ዛሬም መጣሽ?” አለቻት በአራተኛው ቅዳሜ። “አንቺ ዮዲ፣ ባልሽን እንዲህ መርምረሽ አግብተሽ ቢሆን ኖሮ ወላሂ ዛሬ የሚኒስትር ሚስት ነበርሽ!”

እኔ ሳቅሁ። አባቴ ከሚኒስትር እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። ኪዳነወልድ ማለት ከሐረር ድሬዳዋ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ተራ አስከባሪውም ረዳቱም ትራፊክ ፖሊሱም “ኪዳኔ!” እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ጋቢና አስቀምጦኝ ሲሄድ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ክላክስ እያደረገ ሰላም ይለዋል። የትኛውም ታክሲ ላይ ብወጣ ሂሳብ ተቀብለውኝ አያውቁም። “የኪዳኔ ልጅ ነች” ይባላል፣ በቃ።

እናቴ አልሳቀችም። ከሁሉም መሃል ሦስት ቦርሳዎችን አስወረደች። አንደኛው ትልቅና ቀይ ነው፤ ፈረንጆች ተሸክመውት በጀጎል በሮች ሲገቡ የማየው ዓይነት። ሁለተኛው የተማሪ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መሃል ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሸራው ወፍራም፣ ሁለት የጎን ኪስ ያለው። የእያንዳንዱን ዚፕ ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። ከዚያ ከቤት በፌስታል ያመጣቻቸውን ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች አረንጓዴው ውስጥ ከትታ ተሸከመችው። ግራ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከፈተች።

“ማንገቻው ቀጭን ነው” አለች።

“አንቺ ሴትዮ ጉድ ነሽ እኮ!” አለች ናዝራ። “ግመል አይደለሽ፣ ምን ልትጭኚበት ነው?”

እናቴ አብዝታ የምታማርጥ መሰለኝ፤ በናዝራ ፊት ትንሽ አፈርኩባት። የግራ ትከሻዋ አጥንት በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ተሰብሮ እንደነበር ያወቅሁት ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ ቁምሳጥን ሳጸዳ የሕክምና ካርዷን ሳገኝ ነው። ያኔ የተነገረኝ ደረጃ ላይ ወደቀች ተብሎ ነበር። ቤታችን ያለው ደረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጫማ ተረከዝ ብዙ አይበልጥም። ያን ደረጃ በየቀኑ እየዘለልኩ እወርድ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ነገሩን አላሰብኩትም።

“ትልቁን ውሰጂ” አለች ናዝራ ወደኔ እያየች። “ይቺን ልጅ ከነነፍሷ ከትተሽ ትዞሪያለሽ።”

እናቴ ዝቅ አለችና ፊቷን ከፊቴ አስተካከለች። “ብሌን፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትወስጃለሽ?”

ቦርሳው ለእግር ጉዞ መሆኑን ነግራኛለች። ትምህርት ቤታችን በዓመቱ መጨረሻ ቁንዱዶ ተራራን እንደሚወጣ፣ እኛም እስከዚያ እሑድ እሑድ መለማመድ እንዳለብን፣ ለአባቴ ግን ተራራውን ወጥተን ስንመለስ አሳይተን እንደምናስደንቀው። ስለዚህ ምርጫው የኔ መሆኑ ተገቢ መሰለኝ። ቀዩን ተሸከምኩት፤ ከጉልበቴ በታች ወረደ። አረንጓዴውን ተሸከምኩት።

“ይሄን።”

“ትልቁ አይሻልም? ብዙ ይይዛል። ያንቺንም ልብስ፣ የኔንም።”

“ትልቁ ያስቃል። ሁሉም ሰው ያየናል።”

እናቴ ቀና ብላ ወደ አደባባዩ አየች። ታክሲዎቹ እንደ ሁልጊዜው ተኮልኩለዋል፤ ረዳቶቹ እየጮሁ ነው። ሁለቱ አይተውን እጃቸውን አነሡልን።

“እውነትሽን ነው” አለች። “ሁሉም ሰው ያየናል።”

አረንጓዴውን ገዛች።

ትምህርት ቤታችን ቁንዱዶን ወጥቶ አያውቅም። ሊወጣም አስቦ አያውቅም። በኋላ እኔው ራሴ እዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ስገባ የድሮዎቹን አስተማሪዎች ጠይቄአለሁ።

ከሱቁ ቀጥታ መኪና ግርግር ገባን። በጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙም የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው። አው ያዕቁብ ከመሃል ነበሩ፤ “አው” በሐረር ለሽማግሌ የሚባል ነው። ፂማቸውን በሒና ያቀሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው። የአባቴን ሱሪ ሁሉ እሳቸው ነበሩ የሚያሳጥሩት።

“ማንገቻውን ደግመው ይስፉልኝ፣ አው ያዕቁብ” አለች እናቴ። “ቢጎተት እንዳይበጠስ።”

ቦርሳውን ገለበጡት። ገበሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። “ጥሩ ሸራ ነው። ክሩ ግን የቻይና ክር ነው፤ ይሄ እዚህ ጋ ነው የሚለቀው። ለምንድን ነው?”

“ለእግር ጉዞ።”

“ማሻ አላህ። የስንት ቀን ጉዞ?”

“የአንድ ቀን። ደርሶ መልስ።”

“ስንት ሰው?”

እናቴ እኔን አየች። “ሁለት።”

አው ያዕቁብ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ቦርሳውን ሳይሆን እሷን አዩ፤ ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ የያዘችበትን እጅ።

“ለሁለት ሰው ይሄ አይበቃም፣ ልጄ።”

“ይበቃል።”

ቦርሳውን መርፌው ሥር አስገቡት። የመኪናቸውን እግር መርገጥ ጀመሩ። ጥቁር ወፍራም ክር ነበር፤ መርፌው ማንገቻው ሥር አራት ጊዜ ሄደ፣ አራት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ከሥራቸው ካለው ጆንያ ውስጥ ስፖንጅ አውጥተው ቆረጡና የግራውን ማንገቻ ብቻ ከውስጥ ደረቡት።

“የቀኙስ?” አልኳቸው። አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ ማየቱ ደስ አላለኝም።

“የቀኙ ደኅና ነው” አሉኝ። እናቴ ልትከፍላቸው ስትል እጃቸውን አወዛወዙ። “ስትመለሺ” አሏት። “ኢንሻ አላህ፣ ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።” ፊታቸውን ግን ወደ መኪናው አዙረው ነበር።

መለማመዱን ጥር ላይ ጀመርን። በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ፣ ሐኪም ጋራን፣ ወጣን። ከላይ ሆነን ከተማውን ስናይ የአባቴ መኪና ድሬዳዋ መንገድ ላይ ትታይ እንደሆነ ፈለግሁ። እናቴ ግን ጀርባዋን ለከተማው ሰጥታ ተቀምጣ በሌላው በኩል ያለውን ቁልቁለት ታይ ነበር። በሁለተኛው እሑድ በዚያው ቁልቁለት ወረድን፤ የሶፊ ጫት ማሳዎች ውስጥ ገባን። አንዲት ገበሬ ሴት ውኃ ሰጠችን። እናቴ በኦሮምኛ መንገዱ የት እንደሚያወጣ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ባቢሌ የሚሄደው አስፋልት ላይ እንደሚያወጣ፣ እዚያ ጫት የሚጭኑ መኪናዎች እንደሚቆሙ በእጇ አሳየቻት።

“ባቢሌ እኮ በታክሲ ይኬዳል” አልኳት እናቴን ስንመለስ።

“አውቃለሁ።”

“ጋሽ ኤልሳዕ ነው እዚያ የሚሠራው። በነጻ ይወስደናል።”

“አውቃለሁ፣ ብሌኔ።”

እውነትም ታውቅ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እናቴ ከሐረር መውጣት ብትፈልግ የትኛውም መናኸሪያ መቆም አትችልም ነበር። መኪናው ሳይሞላ አባቴ ጆሮ ይደርሳል። ረዳቱ ደውሎ፣ “ኪዳኔ፣ ቤተሰብ ሸኘንልህ” ይለዋል፤ ደግነቱን ለማሳየት። በዚህ ከተማ የሾፌር ሚስት ሰው ሳያያት መውጣት የምትችለው በእግሯ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እሑድ ቦርሳው ከብዶ ነበር። ውኃ ብቻ መስሎኝ ዚፑን ስከፍት ቢጫ ሹራቤን አገኘሁ፤ ከሥሩ የትምህርት ቤት ጫማዬን፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የክትባት ካርዴን።

“ካርዱ ለምንድን ነው?”

“ተራራ የሚወጣ ልጅ ካርድ ይጠየቃል።”

አመንኳት። ደስም አለኝ፤ ቁንዱዶ የቀረበ መሰለኝ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እግሬ ተላልጧል። እናቴ አንድ ግራር ጥላ ሥር አስቀመጠችኝና ራሷ መንገዱ ዳር ቆማ ወደ ሐረር በኩል ደጋግማ ታያለች። አንድ የጫት አይሱዙ ከሩቅ ብቅ ሲል እጇን አነሣች። እኔ ግን ከአይሱዙው ኋላ የምትመጣውን ሰማያዊ ሚኒባስ ዐወቅኋት። የጋሽ ኤልሳዕ ነች፤ የአባቴ የልብ ጓደኛ። ተነሥቼ አስፋልቱ ዳር ሮጥኩ፤ በሁለት እጄ እያውለበለብኩ ስሙን ጠራሁ።

አይሱዙው ሊቆም ዝግ ሲል እናቴ እጇን አወረደች። እንዲያልፍ አደረገችው።

ጋሽ ኤልሳዕ ፍሬን ይዞ በመስኮት አንገቱን አወጣ። “ኧረ በስመአብ! የኪዳኔ ልጅ! ምን ትሠራላችሁ እዚህ በረሃ ላይ? ዮዲ፣ ለመሆኑ ወታደር ቤት ልትገቢ ነው፣ በዚህ ቦርሳ?”

“እየተለማመድን ነው!” አልኩት።

“ሐኪም ነው በእግርሽ ሂጂ ያለኝ” አለች እናቴ። “ለደም ግፊቱ።”

“እሺ፣ ደም ግፊት እስከ ባቢሌ ያስኬዳል እንዴ? ግቡ ግቡ!” ተሳፋሪው ሳቀ። ተሳፋሪውን ባቢሌ አራግፎ፣ መልሶ ሐረር ደጃፋችን ድረስ አደረሰን። መንገዱን ሙሉ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። እናቴ ከኋላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ስለደከማት መሰለኝ፤ መኪና ስላገኘሁላት እንድታመሰግነኝ እጠብቅ ነበር።

በዚያ ማታ ከማጀት በኩል ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ድረስ ትለብስ ነበር። ሳህን ከእጇ ወድቆ መስሎኝ የተሰበረውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ትምህርት አልነበረም። አባቴ በማለዳ ወጥቷል። እናቴ ቦርሳውን አልጋው ላይ ሙሉ አድርጋ አስቀምጣ ጫማዋን ታስራለች።

“ዛሬ እንሂድ፣ ብሌን።”

“እሑድ አይደለም እኮ።”

“ቢሆንም።”

“እግሬ ገና አልዳነም። አባዬን እንንገረውና በመኪና ይውሰደን።”

ጫማዋን ማሰር ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። “ሁለታችን ብቻ ብንሄድስ? ሩቅ። ብዙ ቀን ብንቆይስ?”

“አባዬስ?”

“አባዬ እዚህ ይሆናል።”

“ታድያ ማን ራት ያቀርብለታል?” አልኳት። ከልቤ አስቤበት ነው የጠየቅኋት። “ብቻውን ያለቅሳል። እኔ ከአባዬ ጋር እሆናለሁ፣ አንቺ ደርሰሽ ነይ።”

እናቴ ፀጉሬን ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ ተነሥታ ዚፑን ከፈተች። ቢጫ ሹራቤን አወጣች፤ አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጫማዬን አወጣች። ሁለት ቀሚስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካርዱን። አንድ በአንድ፣ እየዳበሰች። ቦርሳው ጎኑ ጎደለ። እኔ ከመራመድ ስለተረፍኩ አልጋው ላይ እዘል ነበር።

በሩ ላይ ስትደርስ ተመልሳ አንገቴ ሥር ሳመችኝ። “አባትሽ ከጠየቀሽ ገበያ ሄደች በይው። ሌላ ምንም አትበይ። እሺ?”

“እሺ።”

ስትወጣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። አባቴ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ኖሮ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሳይታሰብ መጣ።

“እናትሽስ?”

“ገበያ።”

ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው። አልጋው ላይ የተደረደረውን ልብሴን አየ። ከዚያ ተንበርክኮ እጆቼን ያዘኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ እኔን ሲያናግረኝ ሁልጊዜም ለስላሳ ነበር። እስከ ዛሬ አንድም ቀን እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም።

“ብሌንዬ፣ የኔ ጎበዝ። እናታችን እግሯ ደክሟት ይሆናል። የት እንደሄደች ብታውቂ በመኪና ሄጄ አመጣት ነበር።”

ያን ጊዜ ያሰብኩትን በደንብ አስታውሳለሁ። ፀሐይዋ ከርራለች። ባለፈው ጊዜ እናቴ ከጋሽ ኤልሳዕ መኪና ስትወርድ እግሯን ትጎትት ነበር። ቦርሳውም ከባድ ነው። በሚኒባስ፣ ጋቢና ተቀምጣ፣ ከአባቴ ጋር ብትመጣ ደስ እንደሚላት ነበር ያሰብኩት።

ደብተሬን አወጣሁ። ካርታ መሣል በዚያ ዓመት ተምረናል። ሐኪም ጋራን ሣልኩ፤ ቁልቁለቱን፣ የሶፊን ማሳዎች፣ ውኃ የሰጠችንን ሴት ቤት። አስፋልቱን በማስመሪያ አሠመርኩት። ግራሩን በአረንጓዴ ቀባሁት። ከላይ ስሜን ጻፍኩበት። አባቴ ወረቀቱን ከደብተሩ ሳይቀደድ ቀስ ብሎ ገንጥሎ ኪሱ ከተተ፤ ግንባሬን ሳመኝ፤ ወጣ።

ሳይመሽ ተመለሰ። ብቻውን ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ የሙሸበክ ጣፋጭ ይዞልኝ ነበር፤ ገና ትኩስ፣ ማሩ በወረቀቱ ላይ አልፎ።

“እናትሽ ዘመድ ጋ ሄደች” አለኝ። “አንቺ ብይ።”

በላሁ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ እሷ ምንም አልሰማንም። ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አካባቢ ነገሩ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው የኖርኩት። ያን ቀን አባቴ ደርሶባታል? ከደረሰባት ምን አደረጋት? የእጁን ጣቶች እያየሁ ዳቦ ቆርሼ ሰጥቼዋለሁ። መኪናውን ሲሸጠው፣ ገዢው ሳይወስደው፣ ወንበሮቹን አንሥቼ ከሥር ፈትሻለሁ፤ ምን እንደምፈልግ ለራሴም አልነገርኩም። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ዚፕ ሲከፈት እስከ ዛሬ ዞር እላለሁ። ከፊቴ ቦርሳ የተሸከመች ሴት ስትሄድ የግራ ማንገቻዋን ሳላይ አላልፍም። ሐኪም ጋራ ላይ፣ እናቴ ተቀምጣ ወደነበረበት ቦታ ስደርስ፣ ጀርባዬ ላይ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ እዚያ ለብቻዬ መሄድ ትቻለሁ።

አባቴን ግን አልጠየቅሁትም። መልሱን ከሰማሁ አብሬው አንድ ቤት ማደር እንደማልችል ፈራሁ፤ ከእሱ ሌላ ደግሞ ማንም የለኝም። አሁን ሽማግሌ ነው። ስኳር የእግሩን ሁለት ጣቶች ወስዶበታል። መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥር ጋሽ ኤልሳዕ ሞተ። ከቀብር ተመልሰን አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጫማውን ሳወልቅለት በራሱ ተናገረ።

“ያን ቀን ኤልሳዕ አብሮኝ ነበር።”

የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅሁም። “አገኛችኋት?”

“አገኘናት። አንቺ ከሣልሽው ቦታ ፈቀቅ አላለችም፤ ዛፉ ሥር። የጫት መኪና ቆሞላት፣ ላዩ ላይ የነበሩት ሴቶች ቦታ እየለቀቁላት ሳለ ደረስን።” ጉልበቱን አሻሸ። “ሰው ነበር። ሰው ባይኖር…” አልጨረሰውም።

“ምን አልካት?”

“ምን እላታለሁ? ወረቀትሽን አሳየኋት። ልጅሽ ናት የላከችኝ አልኳት። ከእንግዲህ የምታደርጊውን ሁሉ እሷ ትነግረኛለች አልኳት።”

ጫማው እጄ ላይ ነበር። “እሷስ?”

“ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ይዛው መኪናው ላይ ወጣች።”

ስለዚህ አልገደላትም። አሥራ አምስት ዓመት የተመኘሁት መልስ ይህ ነበር፤ ስሰማው ግን የምጠብቀው ዕረፍት አልመጣም። እናቴ ሄዳለች። የሄደችውም፣ ለኔ የምትጽፈው ሁሉ ለእሱ እንደሚደርስ አምና ነው። ስሜ የተጻፈበት ማስረጃ በእጇ ነበር። የት እንዳለች ባውቅ እነግረው ነበር? በዘጠኝ ዓመቴ፣ አዎ። በአሥርም፣ በአሥራ አንድም። እየተደሰትኩ እነግረው ነበር።

አባቴ ፊቴን እያየ ነበር። ዓይኑ ከስኳሩ ወዲህ ደክሟል፤ ቢሆንም ያይ ነበር።

“ተቀየምሽኝ፣ ብሌንዬ?”

ሌላኛውን ጫማ አወለቅሁለት። ሁለቱን አስተካክዬ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኳቸው።

“አይ፣ አባዬ” አልኩት።

ማንም በይ ሳይለኝ ለአባቴ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አመነኝ፤ ምሳውንም ጨርሶ በላ።